ለዶሮ ስንት ክንድ ይበቃታል?

ድሬዳዋ ውስጥ በጓሮው አምስት ስድስት ዶሮ ለማርባት የተነሣ ሰው፣ አጣናውን ቆርጦ፣ ሽቦውን ገዝቶ፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። አጥሩ ስንት ክንድ ይሁን? አንዱ ጎረቤት «እስከ ወገብህ ይበቃል፣ ዶሮ እንጂ ንስር አይደለችም» ይለዋል። ሌላው «ከራስህ በላይ ካልሆነ ገንዘብህን ውኃ በላው» ይለዋል። ነገሩ ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ እንቁላል ሸጦ የልጅ ደብተር ለሚገዛ ቤት የአንድ ክንድ ስሕተት የዓመት ልፋት ሊያስቀር ይችላል። መልሱም በሜትሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በታሪክ ውስጥ የሚገኝ ነው።

ከወፏ እንጀምር። የዛሬዋ ዶሮ ዘሯ የሚመዘዘው ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ቀይ የጫካ ዶሮ ነው። ይህች የጫካ ዶሮ ቀን መሬት ጭራ ትበላለች፤ ሲመሽ ዛፍ ላይ ወጥታ ታድራለች። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት፣ ታይላንድ ውስጥ ባን ኖን ዋት በተባለ ስፍራ የተገኙት አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚመደቡ መሆናቸውንና እስካሁን ከታወቁት የለማዳ ዶሮ አጥንቶች ቀዳሚዎቹ እነሱ እንደሆኑ ገልጿል። ወደ እኛም አገር ብዙ ሳትዘገይ ደርሳለች። ትግራይ ውስጥ ከአክሱም ዘመን በፊት በነበረው የመዝበር መንደር የተቆፈሩት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ባሉት ዓመታት ይገመታሉ። እንግዲህ ከእኛ ጋር ከ2400 ዓመት በላይ ኖራለች፤ ሲመሽ ሽቅብ ማየቷን ግን አልተወችም።

አባቶቻችን ቆጥ የሠሩላት ይህንኑ ጠባይዋን አውቀው ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረትም ቆጥ እጅ ተንጠራርቶ የሚደርስበት ከፍ ያለ ስፍራ መሆኑን ያስታውሰናል። በገጠር ዶሮ ቀን በሜዳው ስትጭር ውላ ማታ ከባለቤቶቿ ጋር ከአንድ ጣሪያ ሥር ታድራለች። ስለዚህ ቆጥ እንጂ አጥር አላስፈለጋትም። ዶሮን ቀን አጥሮ ማዋል በአመዛኙ የከተማ ጣጣ ነው።

ድሬዳዋ ደግሞ ከጥንስሷ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ጣቢያውን ከግርጌው ሠራ፤ ሐዲዱም እዚያ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። በደቻቱ አንድ ወገን ከዚራ በቀጥተኛ መንገዱና በዛፍ ጥላው፣ በሌላው ወገን መጋላ በጠባብ መንገዱና በተጠጋጋ ግቢው አደጉ። ግቢ ከግቢ በተጠጋበት ሰፈር የአንዱ ዶሮ የሌላውን የተሰጣ እህል ከበተነች ጠቡ ከዶሮዋ አልፎ ወደ ባለቤቶቹ ይሻገራል። አጥሩን የወለደው እንግዲህ ጉርብትና ነው።

ቀጥሎ የፈረንጅ ዶሮ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዋይት ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድን የመሳሰሉ ዝርያዎች በጅማና በአለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ወደ አገራችን ገቡ። አለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ፣ ለድሬዳዋ የቅርብ ጎረቤት ነው። ከዚህ ወዲህ «ዶሮ» ብሎ አንድ ቁመት መወሰን አስቸጋሪ ሆነ። ሦስት ኪሎ ያህል የምትመዝነው ሮድ አይላንድ ሬድ በወገብ ልክ አጥር ብዙውን ጊዜ ትታገዳለች። ሁለት ኪሎ ገደማ የሆነችው ሌግሆርን ግን የሰው ቁመት ያህል አጥር ልትዘል ትችላለች። ቀላሏ የሐበሻ ዶሮማ ክንፏ ካልተከረከመ አጥሩን እንደ ቆጥ ትቆጥረዋለች።

ታዲያ ዝቅ አድርጎ ከላይ መክደን አይሻልም ወይ? እዚህ ላይ የድሬዳዋ ፀሐይ ትገባለች። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ዶሮ ላብ የላትም፤ የሰውነቷ ሙቀት ወደ 41 ዲግሪ ስለሚጠጋ፣ ሲሞቃት አፏን ከፍታ እያለከለከች ነው የምትቀዘቅዘው። ወገብ በማይሞላ ከፍታ ላይ ቆርቆሮ የተመታበት ቤት በግንቦት ቀን ምጣድ ይሆንባታል። የከዚራን ቤቶች የሠሩት ሰዎች ለራሳቸው ጣሪያውን ከፍ፣ በረንዳውን ሰፋ ያደረጉት ይህንኑ ሙቀት ፈርተው ነው። በዚያ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ቤት ቶሎ ቶሎ አይጠረግም፤ ካልተጠረገ ደግሞ በሽታ ይከተላል።

ሌባውስ? ጭልፊት ከሰማይ ይመጣል፤ አጥር ቢረዝም አይገደውም፣ የሚያግደው ከላይ የተዘረጋ ሽቦ ብቻ ነው። ሸለምጥማጥ በቀዳዳ ይሾልካል፤ ውሻና ቀበሮ ከሥር ይምሳሉ። የሥሩን ነገር ከሐረር መማር ይቻላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያስገነቡት ጀጎል ቁመቱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል፤ ጅቡ ግን ከግንቡ ሥር በተተዉለት ቀዳዳዎች ሌሊት ይገባል። ሐረሮች ይህን ያደረጉት አውቀው ነው። የዶሮ ባለቤት ግን ሳያውቅ ያደርገዋል፤ ገንዘቡን በቁመቱ ላይ ጨርሶ ሥሩን ባዶ ይተዋል።

ከሥር የሚመጣ ሌላም አለ። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ሐዘን አጠገብ የዶሮ ነገር ማንሣት ይከብዳል። ሆኖም ያ ሌሊት ለከተማዋ ያስተማረው አንድ ነገር አለ፤ በጋውን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ዳር የሚሠራ ማንኛውም ነገር ከፍታው ከጣሪያው ሳይሆን ከወለሉ መለካት ይጀምራል።

እንግዲህ ወደ ጓሯችን እንመለስ። «እስከ ወገብ» ያለው ጎረቤት የተመለከተው ከባዷን የፈረንጅ ዶሮ ብቻ ነው። «ከራስ በላይ» ያለው ወደ እውነቱ ቀርቧል፤ ግን ስለ ላዩና ስለ ሥሩ አልተናገረም። በእኔ ግምት ለድሬዳዋ ጓሮ አራት ክንድ፣ ማለት 2 ሜትር ገደማ፣ ይበቃል። ሰው ቆሞ ይጠርጋል፣ ነፋስ ይገባል። ከላይ ሽቦ ይዘርጋበት፤ ከሥር አንድ ክንድ ያህል ድንጋይ ይቀበርለት፤ ውስጡም በደረት ልክ አንድ አጣና ይጋደምላት። አቅም ካጠረ ከስፋቱ ይቀነስ፣ የዶሮዎቹም ቁጥር አብሮ ይቀነስ፤ ከቁመቱ ግን አይነካ። ያቺ አጣና ዶሮዋ ከጫካ ይዛው የመጣችው ዛፍ፣ አያቶቻችንም የሠሩላት ቆጥ ናትና።