ስለ ተማሪዎች ማኅበር መሪ

ወጣቶች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል በትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ማኅበር ሊመረጥ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ሐሳቡም የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን መሪነትን በአዳራሽ ቆሞ አሳምሮ ከመናገር ጋራ አንድ የሚያደርገው ሰው ስለ በዛ፤ በምሥራቅ አዲስ አበባ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የነገርኋቸውን የሾላን ታሪክ እዚህ መጻፍ መልካም መስሎ ታየኝ።

ዛሬ መገናኛ ከታክሲ ወርዶ ወደ ሾላ የሚሄድ ሰው በከተማው መካከል የሚሄድ ነው። በ1958 ዓ.ም. ግን ሾላ የከተማው ዳርቻ ነበረ፤ ቦሌም አውሮፕላን ማረፊያው ከተሠራ ገና ጥቂት ዓመት ስለ ነበረው ዙሪያው አብዛኛው ሜዳና እርሻ ነበር። በዚያን ጊዜ ለማኞችና መጠጊያ የሌላቸው ድኾች ከጎዳና እየታፈሱ በሾላ በተከለለ ስፍራ እንዲቀመጡ ይደረግ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ይህን በሰሙ ጊዜ ነገሩን መረመሩ፤ የእነዚያም ሰዎች አኗኗር ለሰው ልጅ የሚገባ እንዳልሆነ ተረዱ። ከዚህ በኋላ ሰልፍ ወጡ፤ መፈክራቸውም «ድኽነት ወንጀል ነውን?» የሚል ነበር።

እነዚሁ ተማሪዎች ከአንድ ዓመት በፊት፤ የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም.፤ «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሄደው ነበር። ይህኛው ሰልፍ ስሙ የገነነ ስለ ሆነ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ግን የሾላው ይበልጥብኛል። ገበሬ አገር የሚመግብ ነውና ስለ እርሱ መናገር ክብር አለው። ለማኝ ግን የማኅበሩ አባል አይደለም፤ ድምፅ አይሰጥም፤ መዋጮ አይከፍልም፤ ስለ እርሱ የተናገረውንም መሪ በሚመጣው ዓመት መልሶ አይመርጠውም። በርግጥ የተመረጠ ሰው የመረጡትን ሰዎች ጉዳይ ማስቀደም ይገባዋል፤ የምግብ ቤቱ ወጥ ቀጥኖ እንደ ሆነ ስለ ወጡ መናገር አለበት። ሥራው በዚያው የሚያበቃ ከሆነ ግን ከዕድር ዳኛ አይበልጥም። ይህን ስል ዕድርን ማቃለሌ አይደለም፤ እንዲያውም ሒሳብ አያያዝን ከዕድር የተማረ የተማሪ መሪ ባይ ደስ ባለኝ ነበር።

ደግሞ የነገሩን ቅደም ተከተል አስተውሉ። መጀመሪያ መረመሩ፤ ቀጥሎ ጮኹ። ዛሬ አንዱ ጠዋት በስልኩ ወሬ አንብቦ ማታ ለጠብ ይነሣል። መፈክራቸውም ስድብ ሳይሆን ጥያቄ ነበር፤ ማንም ባለ ሥልጣን በአደባባይ «አዎን» ብሎ ሊመልሰው የማይደፍረው ጥያቄ።

ጥላሁን ግዛው የዚሁ ትውልድ ልጅ ነበረ። የመሳፍንት ወገን ነው፤ እኅቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ የልዑል መኮንንን ባለቤት ነበረች፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ቢማር ሹመቱ የታወቀ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚደንትነት ቀርቦ በመኮንን ቢሻው ተሸነፈ። ተሸንፎም ከማኅበሩ አልወጣም፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ቀርቦ ተመረጠ። በመሪነት የቆየው ግን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ በአፍንጮ በር አጠገብ በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን በስድስት ኪሎ ይዘው ሳሉ የክብር ዘበኛ ወታደር ገብቶ ተኮሰባቸው፤ ሌሎችም ሞቱ። ብዙ ሰው የጥላሁንን አሟሟት ያነሣል፤ እኔ ደግሞ መሸነፉንና ከተሸነፈም በኋላ አለመኮብለሉን አነሣለሁ።

ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያው ከተማሪዎች ንቅናቄ ኢሕአፓና መኢሶን የሚባሉ ሁለት ፓርቲዎች ወጡ። መሪዎቻቸው በአንድ ማኅበር የተከራከሩ፤ ብዙውን መጽሐፍም አብረው ያነበቡ ነበሩ። ሁለቱም ሶሻሊዝምን ይፈልጋሉ፤ የተለያዩት በዋናው ነገር ደርግን በመቃወምና እየተቹ በመደገፍ ነው። በድምፅ ብልጫ መሸነፍን ለመቀበል የለመደ ሰው ይህን ያህል ልዩነት በክርክር ባሳደረው ነበር። እነርሱ ግን በ1969 ዓ.ም. ጠመንጃ ተማዘዙ። ቀይ ሽብር በመጣ ጊዜ ደርግ መጀመሪያ ኢሕአፓን መታ፤ ቀጥሎም በዚያው ዓመት ነሐሴ ከእርሱ የተለየውን መኢሶንን ማሳደድ ጀመረ። የሞተው አብዛኛው ፓርቲውን ያልመሠረተ፤ ወረቀት የሚበትን የትምህርት ቤት ልጅ ነበር።

በመስቀል አደባባይ፤ የቦሌ መንገድ በሚጀምርበት ጥግ፤ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። በግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች ብዙው የወጣት ፊት ነው። ለምርጫ ከመቅረባችሁ በፊት አንድ ቀን ገብታችሁ እዩአቸው፤ ዕድሜያቸውንም ከዕድሜያችሁ ጋራ አስተያዩት።