የማመልከቻው ቅጽ አመጣጥ፤ በአሜሪካ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት ተማሪ አመራረጥ

በአሜሪካ ከሚገኙት ስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ለመሆን የሚያመለክት ወጣት ስሙንና የትምህርት ውጤቱን ጽፎ ብቻ አይገላገልም። ከመምህራኑ የድጋፍ ደብዳቤ ያስጽፋል፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ምን ይሠራ እንደ ነበር ይዘረዝራል፤ ስለ ራሱ ሕይወት ድርሰት ያቀርባል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪ ጋር ተገናኝቶ ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል። የማትሪክ ውጤት ብቻ ዕጣ ፈንታውን ሲወስንበት ለኖረ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁሉ ጥያቄ ሰውን በሙሉ ገጽታው ለማየት ከመሻት የመጣ ይመስለው ይሆናል። ዩኒቨርሲቲዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። የቅጹ የልደት ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ጉዳዩ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱን የመግቢያ ፈተና ያወጣል፤ ላቲን፣ ግሪክኛና ሒሳብ በብዛት ይጠየቃሉ። የየኮሌጁ ጥያቄ የተለያየ በመሆኑ የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ለማን እንደሚያዘጋጁ ግራ ቢገባቸው፣ በ1900 ዓ.ም. የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ቦርድ ተቋቋመ። በሰኔ 1901 ቦርዱ የመጀመሪያውን ፈተና በዘጠኝ የትምህርት ዓይነቶች ለ973 ተፈታኞች ሰጠ። ያለፈ ይገባል፤ በአንድ ወይም በሁለት ትምህርት የወደቀ እንኳ በኋላ እንዲያሟላ ተነግሮት ይገባ ነበር። የአባቱን አገር የሚጠይቀው አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው ፈተናውን የሚያልፉት ሰዎች ማንነት ሲለወጥ ነው። ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰደው ኒውዮርክ የሠፈሩ አይሁዳውያን ልጆች በከተማዪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተምረው የኮሎምቢያን ፈተና በብዛት ማለፍ ጀመሩ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ከተማሪዎቹ 40 ከመቶ የሚጠጉት አይሁዳውያን ነበሩ። በ1919 ኮሎምቢያ አዲስ የማመልከቻ ቅጽ አወጣ። ቅጹ የአመልካቹን ሃይማኖት፣ የአባቱን ስምና የትውልድ ስፍራ ይጠይቃል፤ ፎቶግራፍ እንዲያያዝበት ያዛል፤ ቃለ መጠይቅም ተጨመረ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የአይሁዳውያኑ ቍጥር ወደ 22 ከመቶ ወረደ። መሐንዲስ አሸዋ ሲያስነፋ አስቀድሞ የወንፊቱን ቀዳዳ ይወስናል፤ የሚያልፈውንም ይቀበላል። በዚህ ግን የማይፈለገው አሸዋ ከታወቀ በኋላ ነው ወንፊቱ የተሠራው።

የሃርቫርድ ታሪክ ከዚህ ይበልጥ ይረዝማል፤ ይበልጥም ያስተምራል። በ1900 ከአዲስ ገቢዎች 7 ከመቶ ያህል የነበሩት አይሁዳውያን በ1922 21.5 ከመቶ ደርሰው ነበር። ፕሬዚደንቱ አቦት ሎውረንስ ሎዌል ቍጥሩ በ15 ከመቶ እንዲገደብ ፈለጉ፤ የአይሁዳውያን መብዛት በተማሪዎች መካከል ጥላቻን ያነሣሣል የሚል ነበር ክርክራቸው። ሐሳባቸውን በግልጥ በመናገራቸው ታላቅ ጫጫታ ተነሣ፤ ጉዳዩን እንዲመረምር የተሰየመው የመምህራን ኮሚቴም በ1923 ኮታውን ውድቅ አደረገው። በዚያው ጊዜ ከደቡብና ከምዕራብ የአገሪቱ ክፍል የሚመጡ ተማሪዎችን ለማብዛት በክፍላቸው ከሰባት እጅ አንዱ እጅ ውስጥ የሚመደቡ ጕበዞች ያለ ፈተና እንዲገቡ ተፈቀደ። የዕቅዱ ውጤት ግን የታሰበው አልሆነም፤ በ1925 የአይሁዳውያኑ ድርሻ ከ27 ከመቶ በላይ ሆነ።

በግልጥ የተከለከለው ነገር እንግዲህ በቅጹ በኩል ገባ። በ1922 መጸው የወጣው የሃርቫርድ ቅጽ ስለ ዘርና ስለ ሃይማኖት፣ ስለ እናት የልጅነት የቤተ ሰብ ስም፣ ስለ አባት የትውልድ ስፍራ ይጠይቃል፤ ከዚያም አልፎ የአመልካቹ ወይም የአባቱ ስም ከልደት ወዲህ ተለውጦ እንደ ሆነ በዝርዝር እንዲገለጥ ያዝዛል። ጽሕፈት ቤቱ ከመልሱ ተነሥቶ ተማሪዎቹን በሦስት ይከፍል ነበር፤ አይሁዳዊነቱ የተረጋገጠው «ጄ1»፣ ማስረጃው የሚያመዝንበት «ጄ2»፣ የሚጠረጠረው «ጄ3» ይባላል። በ1926 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ቍጥር በ1,000 ተወሰነና ምርጫው «ጠባይና ብቃት» በሚለው መለኪያ እንዲከናወን ተደረገ። ጠባይ በምን እንደሚለካ የተጻፈ ነገር የለም፤ አለመጻፉም ነበር ጥቅሙ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአይሁዳውያኑ ድርሻ ሎዌል ወዳሰቡት ወደ 15 ከመቶ አካባቢ ተመለሰ።

በዚህ በር ላይ ከቆሙት ወጣቶች አንዱ በ1918 በኒውዮርክ የተወለደው ሪቻርድ ፋይንማን ነው። ለኮሎምቢያ አመልክቶ በአይሁዳውያን ኮታ ምክንያት ሳይቀበሉት ቀሩ፤ በ1935 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገባ፤ በ1965 የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ከሦስቱ መካከል ጁልያን ሽዊንገርም አይሁዳዊ ሲሆን የተማረው በኮሎምቢያ ነው። እርሱ ግን የገባው በአንደኛ ዓመት በር ሳይሆን ከከተማው ነጻ ኮሌጅ በዝውውር ነበር፤ ያውም ፕሮፌሰር ኢሲዶር ራቢ ስለ ተሟገቱለት ነው። ሁለቱን ያዳናቸው ችሎታቸው ነው ማለት ይቻላል። ከእነርሱ ያነሰ ችሎታ የነበራቸው፣ ሆኖም መግባት ይገባቸው የነበሩት ግን ስማቸው በማንም መጽሐፍ አልተጻፈም።

በ1926 ሰኔ 23 ቀን ደግሞ 8,040 ተፈታኞች «ኤስ ኤ ቲ» የተባለውን አዲስ ፈተና ተቀመጡ። ያዘጋጀው የፕሪንስተኑ ካርል ብሪገም ከሦስት ዓመት በፊት የሰሜን አውሮፓ ዘር በአእምሮ ይበልጣል የሚል መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነበር፤ በ1930 መደምደሚያው ስሕተት መሆኑን ራሱ በጽሑፍ አምኗል። ይህንኑ ፈተና በ1933 የሃርቫርድ ፕሬዚደንት የሆኑት ኬሚስቱ ጄምስ ኮናንት ከሩቅ ክፍላተ ሀገር ችሎታ ያላቸውን ድኾች ልጆች ለመፈለግ ተጠቀሙበት። መሣሪያ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ሌላ አገልግሎት ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

በ1948 የኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በተማሪ አቀባበል ላይ በዘርና በሃይማኖት ማዳላትን የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ የሃይማኖቱ ጥያቄም ከጊዜ በኋላ ከቅጾቹ ጠፋ። ድርሰቱ፣ የድጋፍ ደብዳቤውና ቃለ መጠይቁ ግን ቀሩ። በ1975 ዐሥራ አምስት የግል ኮሌጆች አንድ የጋራ ማመልከቻ ለመቀበል ተስማሙ፤ ዛሬ ይህን ማመልከቻ የሚቀበሉት ተቋማት ከ1,000 በላይ ሆነዋል። የማሳቹሴትሱ ኢንስቲትዩት ከማኅበሩ ውጭ ሆኖ የራሱን ቅጽ ይዟል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የፈተና ውጤት መጠየቁን ትቶ የነበረ ሲሆን በመጋቢት 2022 መለሰው። ምክንያቱም ማንኛውም ተማሪ ካልኩለስና ፊዚክስ ሳይወስድ ስለማይመረቅ፣ የላቀ የሒሳብ ትምህርት በማይሰጥበት ትምህርት ቤት የተማረ ድኻ ልጅ ዝግጁነቱን የሚያሳይበት ሌላ መንገድ ጠባብ መሆኑ ነው። በሙያው ላለ ሰው ይህ አሳማኝ ክርክር ነው።

በሰኔ 2023 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲዎች በዘር ላይ ተመሥርተው እንዳይመርጡ ከለከለ፤ ሆኖም አመልካቹ ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደ ነካው ራሱ ቢጽፍ መነበቡን አልከለከለም። ከአንድ ወር ያህል በኋላ ሃርቫርድ የድርሰት ጥያቄዎቹን ለወጠ። ከአዲሶቹ መካከል የመጀመሪያው፣ ሕይወቱ ያስተማረው ነገር ለዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚያበረክት አመልካቹ እስከ 200 በሚደርስ ቃል እንዲያስረዳ የሚጠይቅ ነበር።