ወርቁ ሄደ፣ ብራናው ቀረ

እ.ኤ.አ. በ1963 ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ ባለችው መጠራ ሲቆፍር አንድ የነሐስ ዕቃ አገኘ። በውስጡ ሁለት መስቀሎች፣ ሰንሰለቶችና 14 የሮማ የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ። ሳንቲሞቹ በ2ኛውና በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተመቱ ናቸው። ከመስቀል ጋር መቀበራቸው ግን ባለቤታቸው ክርስትና ከገባ በኋላ የኖረ ሰው እንደነበር ይናገራል። የቄሣሮቹ መልክ በአክሱም ሰው እጅ ከገንዘብነት ወጥቶ ጌጥ ሆኗል።

በትግራይ፣ የሐ አጠገብ ካለችው ቤተ ሳማቲ የወጣው ቀለበት ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለው። መዳብ ላይ ወርቅ የተለበጠበት፣ ቀይ የከበረ ድንጋይ የተሰካበት ነው። ድንጋዩ ላይ የበሬ ራስ ተቀርጿል። አሠራሩ ሮማዊ ይመስላል፤ በሬው ግን የአገር ቤት ነው። ወሬው እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ ሲወጣ ብዙዎችን አስገርሟል።

በወሎ ያለ የሐይቅ ወይም የአምባሰል ሰው ይህ ሁሉ የሰሜኖቹ ታሪክ ነው ቢል አይፈረድበትም። በመካከል ግን የትግራይዋ ገዳም ደብረ ዳሞ አለች። እ.ኤ.አ. በ1940 ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ሞርዲኒ እዚያ 103 የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች መገኘታቸውን መዝግቧል። ኩሻኖች ሰሜን ሕንድንና አፍጋኒስታንን የገዙ ናቸው፤ ወርቃቸው ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የሮማ ነጋዴዎች በሚመላለሱበት የባሕር መንገድ ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ደብረ ዳሞ፣ በአባ ዮሐኒ እግር ሥር የተማረ አንድ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1248 ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወረደ። አባ ኢየሱስ ሞዐ ነው። ሳንቲሞቹ በእሱ ዘመን እዚያው ከነበሩ፣ ጥሎት የመጣውን ሀብት አላወቀውም።

እሱ ያተረፈው ሌላ ነበር። በ1273 ዓ.ም. ያስጻፈው ወንጌል ዛሬም የገዳሙ ሀብት ነው። የራሱ የኢየሱስ ሞዐ ሥዕል አለበት፤ ዘመናቸው በትክክል ከሚታወቅ ባለሥዕል የኢትዮጵያ መጻሕፍት ቀዳሚው ተደርጎ ይጠቀሳል። ባዶ በቀሩ ገጾቹ ላይም የገዳሙ ንብረትና ስጦታ ተመዝግቦበታል፤ ወንጌል ላይ የተጻፈ ውል ማን ይደፍረዋል?

የገዳሙ ወርቅስ? እ.ኤ.አ. በ1530ዎቹ መጀመሪያ የግራኝ አሕመድ ጦር ሐይቅ ዳር ሰፈረ። ገዳሙ ያኔ በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር። የዘመቻው ጸሐፊ አረብ ፋቂህ እንደሚተርከው ወታደሮቹ ግንድ አስተሳስረው ለመሻገር ተነሡ፤ መነኮሳቱ ደግሞ ሀብቱን እንስጣችሁ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አታቃጥሉ ብለው ተደራደሩ። ስምምነቱ ተፈጸመ። ለዘመኑ ይህ ቀላል ዕድል አይደለም፤ መካነ ሥላሴን የመሰለ የነገሥታት ቤተ ክርስቲያን በዚያው ዘመቻ ጋይቷል። መነኮሳቱ ወርቁን ከፍለው መጽሐፉን ገዙ ማለት ይቻላል።

ከዚያ በፊት የነበረውን የሐይቅ ታሪክ የሚያውቀው ጭቃው ነው። ከሐይቁና ከጎረቤቱ ከሐርዲቦ ሥር የተወሰደውን ደለል ተመራማሪዎች አጥንተው በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በውስጡ የተቀበረው የአበባ ዱቄት እንደሚያሳየው የአካባቢው የዝግባና የጥድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ተመንጥሮ በምትኩ ክትክታና ሣር በቅሏል። ሮም የመጠራን ሳንቲሞች በምትመታበት ጊዜ የሐይቅ ተራራ ደኑን ካጣ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያረሱትና ያረቡት ሰዎች ስማቸውንም ጌጣቸውንም አልተዉልንም፤ የተዉልን ክትክታ ነው።

መልሶ ደን የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ነው፤ በመካከሉ የግራኝ ጦርነት አለ። ተመራማሪዎቹ የዝናቡን መብዛትና የመሬቱን ጦም ማደር በምክንያትነት ያነሣሉ። የተመለሰው በአብዛኛው ጥድ ነበር፤ ወይራም አብሮት በቅሏል።