ስንቅ

ከደባርቅ ተነስተን ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፈን ቧሂትን ስንወጣ አይሱዙው በአንደኛ ማርሽ ያቃስት ነበር። ግንቦት 2015 ነው። ከኋላ ስድስት ያገለገሉ ላፕቶፖች በብርድ ልብስ ጠቅልለናል፤ ጃናሞራ ውስጥ ላለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ፕሮግራመር ነኝ፤ የመጣሁት ማሽን ላስነሳ እንጂ ታሪክ ልጽፍ አልነበረም።

እሁድ ከሰዓት ስለነበር መንገዱ በተማሪ ተሞልቷል። የሳምንት እንጀራቸውን ተሸክመው ወደ መካነ ብርሃን ይሄዳሉ። እስከ ዓርብ በኪራይ ክፍል ተዳብለው ይማራሉ።

"የቆሎ ተማሪ ይመስላሉ" አልኩ።

አብሮን የተሳፈረው መምህር ሳቀ። "የቆሎ ተማሪ እንኳ ማንን ፍለጋ እንደሚሄድ ያውቃል፣ ወንድሜ።"

እውነቱን ነው። ድጓ የፈለገ ቤተልሔም፣ ዝማሬ የፈለገ ዙር አባ፣ ቅኔ የፈለገ ዋሸራ ወይ ጎንጅ ይወርድ ነበር። ሁሉም ገጠር ናቸው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ይለምናል፤ መጨረሻው ላይ ግን የሙያው ዋና መምህር አለ። እኩልነት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሴት ልጅ ከዚያ መንገድ ላይ የለችም ማለት ይቻላል። ግን ሩቅ መሆን ኋላ መቅረት አልነበረም። እዚሁ ጃናሞራ፣ ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት ደረስጌ ማርያም፣ ካሳ የካቲት 1847 ቴዎድሮስ ተብለው ነግሠዋል። እሳቸውም በልጅነታቸው የገዳም ተማሪ ነበሩ።

ካርታው የተገለበጠው በኋላ ነው። በ1900 ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ መምህራን አዲስ አበባ ተከፈተ፤ በ1917 ተፈሪ መኮንን ተከተለ። ዕውቀት ከቤተ መንግሥቱና ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ተቀመጠ። በ1966 "ሴክተር ሪቪው" የሚባለው ጥናት ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ ሲል መምህራን ሥራ አቆሙ። የደመወዝ ጉዳይም ነበረበት። የከተማ ወላጅ ደግሞ "ልጄን አራተኛ ላይ ሊያስቀሩብኝ ነው" ብሎ ሰጋ። ጥናቱ ተቀበረ፤ አብዮቱም መጣ። ሥጋታቸው ይገባኛል፤ ግን ክርክሩ የከተማ ክርክር ነበር። የገጠሩ ልጅ ያኔ አራቱንም ዓመት አላገኘም።

ዛሬ ትምህርት ቤቱ በየቦታው አለ፤ ፈተናውም ለሁሉም አንድ ነው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ስሰማው ተማሪው ሰነፈ ብዬ ነበር። አፍሬበታለሁ።

ትምህርት ቤቱ መብራት አልነበረውም። የስምንተኛ ክፍል ልጆች የኮምፒውተር ስም ዝርዝሩን በቃላቸው ያውቁታል፤ "ማውስ"ን ትርጉሙን ጭምር ነገሩኝ። ላፕቶፖቹን ባትሪያቸው እስኪያልቅ በየተራ ነካኳቸው። አንዲት ልጅ ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ፣ "ጋሼ፣ ማትሪክን በዚህ ነው የምንፈተነው?" አለችኝ።

"ኧረ በወረቀት ነው፣ አትስጊ" አልኳት።

በዓመቱ፣ ሐምሌ 2016፣ ከተፈታኞቹ ከፊሉ የ12ኛ ክፍልን ፈተና በኮምፒውተር ወሰዱ።