የመስመር ባለቤትና የመስመር ተከራይ፤ ከአሜሪካ ኬብልና ከመንዝ ጓሳ የሚገኝ ትምህርት

እንደሚታወቀው የአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት ለብዙ አሠርት ዓመታት በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ቆይቷል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ግን ለሁለተኛ ኩባንያ ፈቃድ ተሰጠ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። በዚህም ምክንያት ለሙያችን አዲስ ጥያቄ ቀረበ፤ ይኸውም አንዱ ማማና መስመር ሠርቶ ሲይዝ፣ ሌላው ተከራይቶ ለደንበኛ ሲሸጥ የሁለቱ ጥቅም እስከ ምን ድረስ አብሮ ሊሄድ ይችላል የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሁለት ታሪኮች መሠረት ለመመርመር ይሞክራል።

የአሜሪካ የኬብል ኩባንያዎች ወደ የቤቱ ሽቦ የዘረጉት ቴሌቪዥን ለማድረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ቲ.ሲ.አይ. የተባለው ትልቅ የኬብል ኩባንያ ከአንድ ካፒታል አቅራቢ ድርጅት ጋር ሆኖ «ኤት ሆም» የተባለ የኢንተርኔት ኩባንያ አቋቋመ፤ ኮምካስትና ኮክስም ባለአክሲዮን ሆኑ። የኬብል ኩባንያዎቹ ወደ ደንበኛው ቤት የሚገባውን መስመር ይይዛሉ፤ ኤት ሆም ከተሞችን የሚያገናኘውን አውታርና የኢንተርኔቱን አገልግሎት ያቀርባል። ከወርኃዊው ክፍያ 65 በመቶው ለመስመሩ ባለቤት፣ 35 በመቶው ለኤት ሆም ይደርስ ነበር።

ይሁንና ጥቅማቸው ከመነሻው የተለያየ ነበር። የኬብል ኩባንያዎቹ ዋና ገቢ ቴሌቪዥን በመሆኑ፣ በኢንተርኔት የሚተላለፍ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከ10 ደቂቃ እንዳይበልጥ የመገደብ መብት በውሉ ውስጥ አስገብተው ነበር። በ1999 ኤት ሆም ኤክሳይት የተባለውን ድርጅት በብዙ ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለ። በዚያው ዓመት ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. ቲ.ሲ.አይ.ን በመግዛቱ፣ የኤት ሆም ዋነኛ ባለአክሲዮንም ዋነኛ ደንበኛም ሆነ። በሴፕቴምበር 2001 ኤት ሆም የመክሰር አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቀረበ። ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. አውታሩን በ307 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ቢጠይቅም፣ አበዳሪዎቹ ዋጋው አንሷል ሲሉ ተቃወሙ፤ ፍርድ ቤቱም አገልግሎቱ እንዲቋረጥ ፈቀደ። በዲሴምበር 1 ቀን 2001 ወደ 850,000 የሚጠጉ የኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. ደንበኞች መስመራቸው ተቋርጦ አደሩ። ኮምካስትና ኮክስ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍለው የሦስት ወር ጊዜ ገዙ፤ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2002 አገልግሎቱ ፈጽሞ ቆመ።

በአንድ ሀብት ላይ ብዙ ባለመብቶች ለረጅም ዘመን ተስማምተው የኖሩበትን ምሳሌ ለማግኘት ደግሞ ሰሜን ሸዋን መመልከት ይበቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የመንዝ ጓሳ ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚውለው ሣር ነው። ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በሚባል ሥርዓት በጋራ ይዘውት ኖረዋል። እያንዳንዱ ወገን አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣል፤ ጓሳው ሣሩ እስኪያገግም ለ3 ዓመትና ከዚያም ለበለጠ ጊዜ ይዘጋል፤ አለቆቹ በሚወስኑት ቀንም ይከፈታል። ጠባቂውና አጫጁ አንድ ሕዝብ ስለ ነበረ መጠበቁ ራሱ ጥቅም ነበር። እርግጥ ነው፣ መብቱ በዘር የተወሰነ በመሆኑ ከዘሩ ውጭ ያለው ጎረቤት ድርሻ አልነበረውም። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የቆየውን የመሬት ሥሪት ሲሽር ቄሮም ፈረሰ፤ የሚዘጋና የሚከፍት አካል በመጥፋቱም ጓሳው ተጎዳ። በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የጋራ ሀብት የሚጸናው ሁለቱም ወገን የሚያምኑት ዳኛና አስቀድሞ የታወቀ ደንብ ሲኖር መሆኑን ነው። ኤት ሆም አንዱን ወገን በጠረጴዛው ግራና ቀኝ አስቀመጠ፤ ሲለያዩም ደንበኛው በማን እጅ እንደሚቆይ አስቀድሞ አልተወሰነም።

በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም የማማና የመስመር ባለቤት ሆኖ ለሕዝቡ ራሱ ይሸጣል፤ ስለዚህ ተከራዩ ተወዳዳሪውም ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በበኩሉ በማስተላለፊያ ምሰሶዎቹ አናት ላይ ባለው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ውስጥ የኦፕቲካል ፋይበር አለው። ይህ ድርጅት ኢንተርኔት ለየቤቱ ስለማይሸጥ ከተከራዮቹ ጋር አይሻማም፤ ነገር ግን ቀዳሚ ግዴታው ኃይል ማድረስ ስለ ሆነ፣ የጥገና ቅደም ተከተሉ ከተከራዩ ፍላጎት ጋር ሁልጊዜ ላይገጥም ይችላል።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዳኝነቱን ቦታ ይዟል። የኪራይ ውሎችን ቴክኒካዊ ክፍል ማዘጋጀት ግን የእኛ የመሐንዲሶች ድርሻ ነው። ስለሆነም የብልሽት ጥገና በስንት ሰዓት እንደሚጠናቀቅ፣ የመስመሩ አቅም በምን እንደሚለካ፣ ውሉ ሲያበቃ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ለስንት ወር እንደሚቀጥል ከፊርማው በፊት በጽሑፍ ማስፈር ይገባናል። ገንዘቡን በስልክ የሚያስተላልፈው የመሐል ሜዳ ነጋዴ ማማው የማን እንደ ሆነ ላያውቅ ይችላል፤ ባለቤትና ተከራይ ሲጣሉ ግን የመጀመሪያው ተጎጂ እርሱ ነው።