ማርክ ትዌን

ማርክ ትዌን (እ.ኤ.አ. 1835–1910)፦ አሜሪካዊ ደራሲና ጨዋታ አዋቂ። የመዝገብ ስሙ ሳሙኤል ላንግሆርን ክሌመንስ ሲሆን የተወለደው በሚዙሪ ግዛት ነው። በማተሚያ ቤት ፊደል ለቅሟል፤ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ መርከብ ነድቷል፤ በጋዜጠኝነትም ሠርቷል።

ለዛው ያለው ኮስተር ብሎ በመናገሩ ላይ ነው። ተራኪው ነገሩ እንደሚያስቅ የጠረጠረ እንኳ መምሰል የለበትም ብሎ በ1895 ጽፏል። «ሀክልቤሪ ፊን» በተባለው ልብ ወለዱ ላይ ልጁ ሀክ ያመለጠ ባሪያ መርዳት ኃጢአት ነው ተብሎ ያደገ ነው። ያመለጠውን ባሪያ ጂምን ለባለቤቱ የሚጠቁም ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከዚያ ሲኦል ብገባም ልግባ ብሎ ይቀደዋል። ራሱን ክፉ አድርጎ ይቆጥራል፤ አንባቢው ግን ክፉው ማን እንደሆነ አያጣውም። ከዚህ የበለጠ ስላቅ አልጻፈም ማለት ይቻላል።

ገንዘብ ላይ ግን ብልሃቱ አልሠራለትም፤ ፊደል መልቀሚያ ማሽን ላይ ሀብቱን አፍስሶ በ1894 ከሰረ። ዓለምን እየዞረ ንግግር በማድረግ ዕዳውን አንድ በአንድ ከፈለ።

በ1905 ባሳተመው ጽሑፍ የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ በኮንጎ የተሠራውን ግፍ ስላጋለጠበት ካሜራ ሲያማርር ያሰማናል፦ በጉቦ የማይገዛ ብቸኛ ምስክር ሆኖበታልና። የጽሑፉ ትርፍ ለኮንጎ ሕዝብ መርጃ እንዲውል ተደርጓል።