ጠመንጃና ርስት፦ ወንድነት በብቸናና በሞጣ

በምሥራቅ ጎጃም «ወንድ» መባል ማዕረግ ነው። ፉከራውና ቀረርቶው ይህን ማዕረግ ከጠመንጃ ጋር አስተሳስረውት ኖረዋል። ይሁን እንጂ የብቸናና የሞጣ ታሪክ በጥሞና ሲመረመር፣ ጠመንጃው የተከበረው ርስት ጠባቂ ስለነበረ መሆኑ ይታያል።

በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በብቸና ምድር ጠላትን የተፋለመው በላይ ዘለቀ የዚህ ወንድነት ምሳሌ ሆነ። በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ቢሞትም፣ «አባ ኮስትር» የሚለው የፈረስ ስሙ በአቅራሪው አንደበት ቀረ።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ የሞጣና የብቸና አውራጃ ገበሬዎች «መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊነጠቅ ነው» ብለው ዐመፁ። በወራሪ ላይ ተነሥቶ የነበረው ጠመንጃ በገዛ መንግሥት ላይ ዞረ። መንግሥትም በጦር ሠራዊትና በአውሮፕላን መለሰ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ።

ሆኖም «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚለው ብሂል ሴቲቱን ከመሬቱ ጋር በንብረትነት ይቆጥራታል። እርሷ ግን በአገሩ ልማድ ራሷ ርስት ወራሽ ነበረች። አርበኛው በዱር ሲከርም ስንቅ ያዘጋጀች፣ ቤቱንም ያቆመች እርሷ ነበረች። ፉከራው ለዚህ ድካም የሰጠው ስፍራ ጠባብ ነው።

ስለዚህ የዚያን ዘመን ወንድነት በመድረክ፣ በሸራ ወይም በዘጋቢ ፊልም ለማሳየት የሚነሣ የኪነ ጥበብ ሰው ከጠመንጃው ጎን ሞፈሩንና የስንቁን አገልግል ያስቀምጥ። ያን ጊዜ ታሪኩ ሙሉ ይሆናል።